የደሴቲቱ ማር

ቤቱ አኩርፎኛል። ልጄ ምስጋናው ከሥራ ሲገባ ሰላምታውን ለግድግዳው ሰጥቶ ያልፋል፤ ሚስቱ ሳህን ስታስቀምጥ ታንኳኳለች፤ የልጅ ልጄ ትግስት ደግሞ እኔ ባለሁበት ክፍል እህል አትቀምስም። ትናንት ሻይ ብቻ ጠጥታ ነው ትምህርት ቤት የሄደችው፣ ያውም በዚህ ብርድ ያለ ሹራብ። እሱም ሌላ ጭንቅ ነው።

ጥፋቴ ይህ ነው። ጅቡቲ የምትኖር አንዲት የምራቴ ዘመድ፣ ትግስትን "እንደ ልጄ አድርጌ" ልውሰዳትና ላስተምራት ብላ ላከች። ከመልእክቷ ጋር የደሴት ቪዲዮ አለበት። ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ ከውሃው ሥር የምትቀዝፍ ኤሊ። ትግስት ስልኩን አፍንጫዬ ሥር አምጥታ፣ "አያቴ፣ ለእረፍት እዚህ ነው የሚሄዱት። እያት ኤሊዋን፣ ሰው እንኳ አትፈራም" አለችኝ። ስልኩን ከእጇ ነጥቄ ትራሴ ሥር ከተትኩት። አትሄድም አልኩ።

ምስጋናው ሳቀብኝ። "እማ፣ አንቺ ባሕር ምን እንደሆነ መች ታውቂያለሽ? ወልድያ ደርሰሽ ስትመለሺ እንኳ ሦስት ቀን ትተኚ የለ።"

ልጄ ነው፣ አልፈርድበትም። ነግሬው አላውቅም። ለሟቹ ባለቤቴም አልነገርኩም። ሲጠይቁኝ "ልጅ ሆኜ ምጽዋ አክስቴ ቤት ነበርኩ" ብዬ አልፋለሁ። በአፌ ልናገረው ስል ንዴቱ ይቀድመኛል፤ በማታ ትምህርት የተማርኳት ፊደል ትርዳኝ ብዬ ነው አሁን የምጽፈው። ባሕር አይቻለሁ። ኤሊም አይቻለሁ። "እንደ ልጄ" የሚለውንም ቃል አውቀዋለሁ።

ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ዓመት ሲቀራቸው፣ በዋግ ዝናብ የጠፋበት ጊዜ ነበር። የአባቴ እህት የትናየት ከምጽዋ መጣች። ባሏ ፋንታሁን ወደብ ላይ ዕቃ የሚያወርድ ሠራተኛ ነው። ሽቶ ትሸታለች፤ ጫማዋ ቋ ቋ ይላል፤ ከእኛ ጋር ግን እንደ ጥንቷ በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣና ነው የምታወራ። እናቴን ባንቺን፣ "አልጣሽን ስጪኝ፣ አስተምራታለሁ። እዚህ በረሃብ ከምትጠወልግብሽ" አለቻት። እናቴ ቀኑን ሙሉ አሰበችበት። በማግሥቱ ፀጉሬን ሹሩባ ሠርታ፣ ለአክስቴ ስጦታ ይሆናት ዘንድ ከቀፎ የተረፈችንን ነጭ ማር በትንሽ ቅል ሞልታ፣ እስከ ከተማው ዳር ሸኘችን። እስከ ኮረም በእግርና በበቅሎ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሄድን። መንገዱን ሁሉ ቅሉን ያቀፍኩት እኔ ነበርኩ።

ምጽዋ በገባን በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ቀን አክስቴ ገና ሳይነጋ ቀሰቀሰችኝ። አጥባ ያደረቀችውን ቀሚሴን አለበሰችኝ፣ ፊቴን ቅባት ቀባችኝ። "ዛሬ ሽርሽር ነው" አለች። "በጀልባ ወደ ደሴት እንሄዳለን። ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ እንዳታሳፍሪኝ። ካልጠየቁሽ አትናገሪ። ሲሰጡሽ በሁለት እጅሽ ተቀበይ።"

ለእኔ ሲባል የተዘጋጀ ሽርሽር መሰለኝ። ከዋግ መጥታለች፣ ባሕር አላየችም፣ እናሳያት ያሉ መሰለኝ። ሌላ ምን ይመስለኛል?

ወደቡ ላይ አንዲት ነጭ ቀሚስ የለበሰች፣ ጥቁር መነጽር ያደረገች ሴትዮ ቆማ ነበር። ሰርካለም ትባላለች፤ አክስቴ ግን "እሜቴ" ነበር የምትላት። ባሏ አቶ ብዙነህ የፋንታሁን የበላይ አለቃ ነው። ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው። ጀልባውን የሚነዳው ዑመር የሚባል የደሴት ሰው ነው፤ ጥርሱ ነጭ፣ አማርኛው ስብርብር ያለ። ከእነሱ ሌላ ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ የአቶ ብዙነህ ወዳጅ ነበር።

ጀልባው ከወደቡ ሲርቅ ውሃው እንደ ተከዜ ይደፈርሳል ብዬ ጠበቅኩ። አልደፈረሰም። ታች ድረስ ይታያል። ውሃው ጥርት ብሎ ሳለ ከብት አይጠጣው፣ ሰው አይጠጣው፤ እናቴ ብታየው ምን ያህል ትናደድ ነበር እያልኩ ሳስብ፣ ከጀልባው ጎን ጥቋቁር ጀርባዎች ብቅ ጥልቅ ማለት ጀመሩ። አንዱ ከውሃው ተስፈንጥሮ ወጣ፤ በአየር ላይ ታጥፎ ተመለሰ። ሌላው ተከተለ። የእኛ የዋጉ ዝቋላ ፍየሎች ገደል ሲዘሉ ነው የመሰሉኝ። እየሰመጡ ነው ብዬ የዑመርን ክንድ ያዝኩ።

"ያውጧቸው" አልኩት።

ዑመር እስኪያስለው ሳቀ። "አይሞትም። ቤቱ ነው" አለ። "ዶልፊን ይባላል። ሰው ይወዳል።"

ሰርካለምም ሳቀች። መነጽሯን አንሥታ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየችኝ። "አፍ አላት" አለች ለአክስቴ።

"ስትፈራ ነው እሜቴ። እንዲያው ዝምተኛ ናት" አለች አክስቴ፤ ታፋዬንም በቀሚሴ ላይ ቆነጠጠችኝ።

ደሴቲቱ ትንሽ ናት። ዛፎቿ ሥራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ይቆማሉ። ረጃጅም እግር ያላቸው ሮዝ ወፎች ጭቃውን ይለቅማሉ። አሸዋው ሲረግጡት ይጮሃል። ቀንድ አውጣ መስሎኝ አንድ ቅርፊት ባነሣ ከውስጡ ብዙ እግር ወጥቶ እጄን ቧጠጠኝ፤ ጥዬው ስሸሽ ዑመር ያዘውና፣ "ይህ ቤት የእሱ አይደለም" አለኝ። "ባለቤት ሞተ፣ እሱ ገባ። ሲያድግ፣ ጠበበው፣ ሌላ ቤት ይፈልጋል።" ከዚያ ጉልበቴ እስኪደርስ ውሃው ውስጥ አስገባኝ። ከሥሬ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ እንደ ደብር ጥላ የተዥጎረጎሩ ዓሦች በእግሬ ጣቶች መካከል ሽቅብ ቁልቁል ይላሉ። ባለ አምስት ጣት ኮከብ ከድንጋይ ላይ ተለጥፏል። ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። ይህን ሁሉ ለእናቴ እስክነግራት ቸኮልኩ።

"ነይ እዚህ" ብላ ሰርካለም ጠራችኝ። ድንኳን ተክለው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። "እጅሽን አምጪ።"

ሁለቱንም እጄን ሰጠኋት። መዳፌን ገልብጣ አየች፤ በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። ዕድሌን የምታነብ መሰለኝ። እኛ ሰፈር እንዲህ የምታደርግ ሴት ነበረች።

"ሸካራ ነው" አለች።

"ውሃ የቀዳችበት ነው እሜቴ።"

"እሱስ ደግ። ደቃቃ አይደለችም?"

"እህል ጠፍቶ እኮ ነው። እርስዎ ቤት ስትበላ ያዩዋታል።"

"ያቺኛዋ ሌሊት ሌሊት እያለቀሰች ብዙነህን እንቅልፍ ነሳችው። ጎረቤት አሰማችብኝ። መለስኳት። የሚያለቅስ ልጅ ሁለተኛ ቤቴ አይገባም።"

"ይቺ አታለቅስም።"

"እሱን ሁሉም ይላል።"

"መላ አለኝ እሜቴ፣ ለእኔ ይተዉት" አለች አክስቴ። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "የፋንታሁንስ ነገር?"

"ልጅቱ ከተስማማችኝ ብዙነህ ከሥራ አያስቀንሰውም። እንዴት ብሎ?"

አጠገባቸው አሸዋ እየዘገንኩ ይህን ሁሉ ሰማሁ። ሴትዮዋ ልጅ የሞተባት መሰለኝ። ሌሊት ሌሊት የሚያለቅስ ሕፃን ነበራት፣ እግዜር መለሰው፤ "መለስኳት" ያለችው ኀዘኗን ለማቅለል ነው። አንጀቴ ተላወሰላት። እንዲህ ያለች ቆንጆ ሴት፣ ልጅ አልባ። ዛሬ ያቺን ከእኔ በፊት የነበረችውን ልጅ አስባታለሁ። ማን እንደነበረች፣ ወደ የት እንደተመለሰች አላውቅም። አልቅሳ ዳነች። ያን የመሰለ ብልሃት ለእኔ አልታየኝም።

ከዚያ ወንዶቹ ጮኹ። አቶ ብዙነህና ወዳጁ ከዛፎቹ ሥር አንዲት ትልቅ ኤሊ አግኝተው፣ ተባብረው በጀርባዋ ገልብጠዋት ነበር። ሮጬ ደረስኩ። የእናቴን ሞሰብ ታክላለች፤ ሆዷ እንደ ቅቤ ቢጫ ነው። አራቱንም መቅዘፊያዋን ወደ ሰማይ ዘርግታ ታወናጭፋለች። የምትጨፍር፣ እንግዳ የምትቀበል መሰለኝ፤ አጨበጨብኩላት። ከዓይኗ ውሃ ይወርዳል። ላብ ነው አልኩ።

ፎቶ እንነሣ ተባለ። ሰርካለም አንድ እግሯን የኤሊዋ ሆድ ላይ ጫነች። "ልጅቷም ትምጣ" አለች። ከእነሱ ጋር ፎቶ ልነሣ ነው! ጃንጥላ አስያዙኝ። ካሜራው ቀጭ እስኪል ትንፋሼን ውጬ ቆምኩ። ቤተሰብ ሆኜ የተነሣሁት የመጀመሪያ ፎቶዬ ነው ብዬ ስንት ዘመን አስቤዋለሁ። በኋላ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል አየሁት። ሴትዮዋ አለች፤ ባሏ አለ፤ ኤሊዋ አለች። እኔ ግን እጄና የጃንጥላው እጀታ ብቻ ነው የሚታየው። ሥራዬን የጀመርኩት ያን ጊዜ ነበር፤ የነገረኝ ሰው ግን የለም።

ዑመር ከጀልባው እየሮጠ መጣ። "ጌታዬ፣ ይመልሱት። ጀርባው ላይ ከሆነ ፀሐይ ይገድላል።"

"የት ትሄድብናለች? ምሳችንን እንብላና እናያታለን" አለ አቶ ብዙነህ።

"ይሞታል እኮ።"

"አንተ ጀልባህን ጠብቅ።"

ሰዎቹ ወደ ድንኳኑ ዞሩ። ዑመር ቆይቶ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ትከሻውን ከኤሊዋ ሥር አስገብቶ ገለበጣት። ለአፍታ ፀጥ አለች። ከዚያ አሸዋውን እየጫረች፣ ከባድ ትንፋሽ እያወጣች ወደ ውሃው ተጎተተች። ማዕበሉ ሲነካት ያ ሁሉ ክብደት ከላይዋ ጠፋ። ዑመር ወደ እኔ ዞረና፣ "አንቺ የማን ልጅ ነሽ?" አለኝ።

"የባንቺ" አልኩት።

"ባንቺ የት አለ?"

"ሰቆጣ።"

ወደ ድንኳኑ አየ፣ ወደ እኔ አየ። ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር። አቶ ብዙነህ ኤሊዋ መሄዷን አይቶ ስድብ ጀመረና ዑመር ወደ ጀልባው ሄደ። አንድ ሰው ብቻ ጠየቀኝ፣ እሱም ኤሊ ለማዳን ጊዜውን ጨረሰ።

ምሳ ላይ የተጠበሰ ዓሣ አቀረቡ። ሽታው፣ ፀሐዩ፣ የጀልባው መወዛወዝ ተደምሮ ሳህኑን አስገፋኝ። ሲያመኝ እናቴ ትዝ አለችኝ። "ወደ እናቴ መቼ ነው የምንመለሰው?" አልኩ፤ ከንፈሬ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ሰርካለም ሹካዋን አስቀመጠች። "ጀመራት" አለች።

አክስቴ ፈጠን ብላ ከዘንቢሏ የእናቴን ቅል አወጣች። ክዳኑን ስትነቅለው የሰቆጣ አበባ ሽታ ድንኳኑን ሞላው። "እሜቴ" አለች በአማርኛ፣ እየሳቀች፣ "አውራ ጣትዎን ማሩ ውስጥ ይንከሩና አንዴ ያጥቧት። በእኛ አገር የልጅ ማባበያ ነው።"

ሴትዮዋ ተጸየፈች፤ ቢሆንም የማልቀሴ ነገር አስፈርቷታል። ቀለበቷ እንዳይነካ ተጠንቅቃ አውራ ጣቷን ነከረች። ወደ አፌ ዘረጋችው።

የማያውቅ ካለ ልንገር። በእኛ አገር ሰው የሌላውን ልጅ የራሱ አድርጎ ሲያነሣ በፊርማ አይደለም፣ በማር ነው። የሚያነሣው ሰው ጣቱን ማር ነክሮ ያጠባል፤ ምስክር ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ የጡት ልጅ ነው፤ ከአብራክ ከወጣው አይለይም፣ ይወርሳል፣ ይቀብራል። የካደ ሰው መሬት አይቀበለውም ይባላል። ጎረቤታችን ደሞዝ የወንድሙን ወላጅ አልባ ልጅ እንዲህ አድርጎ ሲያነሣ አጥር ላይ ሆኜ አይቻለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ቆመው ነበር፤ አንዲት አሮጊት አልቅሳለች።

ጣቷን አፌ ውስጥ አስገባሁ። የእናቴ ማር ነው። ከሥሩ የሳሙና ጣዕም ነበረው። ያኔ አክስቴ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ፣ ሴትዮዋ በማትሰማው በኽምጣና ቋንቋ፣ ሽማግሌዎቹ የሚሉትን ቃል አንድም ሳታጎድል ተናገረች። "አልጣሽ፣ ከዚህች ሴት ጡት ጠብተሻል። እናትሽ ናት፤ ልጇ ነሽ። ምስክሩ እኔ ነኝ።"

"ምን አልሻት?" አለች ሰርካለም፣ ጣቷን በመሐረብ እየጠረገች።

"ይጣፍጣል ወይ አልኳት።"

ለቅሶዬ ቆመ። እንዴት አይቆምም? በምድር ላይ ከባዱን ነገር አደረጉብኝ፣ በደስታ ተሸከምኩት። አንዲት እናት ሰቆጣ፣ አንዲት እናት ምጽዋ። ልጅ ለሞተባት ሴት ልጅ ሆንኳት። ከሰዓት በኋላ ሁሉ ከአጠገቧ አልራቅኩም፤ መሬት የወደቀ መሐረቧን አነሣሁ፣ አሸዋውን ከጫማዋ አራገፍኩ፣ ውሃ ሳትጠይቀኝ ቀዳሁላት። "ቀልጣፋ ናት" አለች ለአክስቴ። ልጅነቴን የወደደችልኝ መሰለኝ።

ስንመለስ ዑመር ሞተሩን አጠፋና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ከውሃው ሥር፣ ሣር ያለበት ቦታ ላይ፣ ላም የሚያህል ግራጫ ነገር ይግጣል። በብብቷ ሥር ግልገል ተለጥፎባታል። ለመተንፈስ ብቅ ሲሉ እናቲቱ መጀመሪያ ግልገሏን ወደ ላይ ገፋችው። "የባሕር ላም" አለ ዑመር። እኔ እጄን ሰድጄ የሰርካለምን ቀሚስ ጫፍ ያዝኩ። ቀሚሷን ቀስ ብላ ከእጄ አላቀቀች። ጨው ነክቶት ይሆናል አልኩ።

ያን ዕለት ማታ "እማዬ" አልኳት። ኩሽናው በር ላይ ቆማ፣ ምንጣፌ የሚነጠፍበትን ጥግ እያሳየችኝ ነበር። ሳቋ እስከ ሳሎን ተሰማ፤ ባሏን ጠርታ አስደገመችኝ። በማግሥቱ እንግዳ ፊት ስደግመው ግን አልሳቀችም፣ በጥፊ አለችኝ። "እሜቴ በይ።" እኔ የምታስተምረኝ መሰለኝ እንጂ የካደችኝ አልመሰለኝም። ምን ታድርግ፣ ምን እንደሆነች አልተነገራትም። ለስንት ዓመት ሌላው ሁሉ ሲመታኝ፣ ስራብ፣ የጡት ልጅ ነኝ፣ ቀኑ ሲደርስ ታውቀኛለች እያልኩ ነው የቻልኩት። ትምህርት ቤት የሚባለውን በአጥር ቀዳዳ ነው ያየሁት። ጦርነቱ ምጽዋን ሲከብ ባልና ሚስቱ ሻንጣቸውን ይዘው በመርከብ ወጡ፤ እኔን ቤት ጠብቂ አሉኝ። ያኔ ገባኝ። በእግሬም፣ በወታደር መኪናም፣ በልመናም ሰቆጣ ስገባ እናቴን አላገኘኋትም። "ልጄ ምጽዋ ተማሪ ናት" እያለች ለሰው ስታወራ ነበር የሞተችው።

አክስቴ አርጅታ ሰቆጣ ተመልሳ ነበር የምትኖረው። አንድ ቀን ፊት ለፊት ጠየቅኋት። "አክስቴ፣ ቃሉን ያውቁት ነበር?"

"ሕፃን ነበርሽ" አለችኝ። "ጣፋጭ ነገር ነው የሰጠሁሽ።"

"ቃሉን ያውቁት ነበር ወይ?"

"ፋንታሁን ሥራ ሊያጣ ነበር። ከእነ ልጆቼ ልራብ?" ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ አድርጋ፣ "የምታለቅሽ ከሆነ አልወስድም ብላለች" አለች።

ሽማግሌ ላከችብኝ። የንስሐ አባቴም ተቆጡኝ፤ ይቅር በዪ አሉኝ። ረሃቡን ይቅር አልኩ፤ ጥፊውን አልኩ፤ ትምህርቱን አልኩ። የእናቴን እንኳ፣ አንደበቴ እየተሳሰረ፣ አልኩ። ትግስትን ግን ልጄ አድርጌ ልውሰድ ለሚል ሁሉ፣ ከጅቡቲም ይምጣ ከገነት፣ እኔ ቆሜ አትሄድም። ቤቱ ያኩርፍ። ልጅቷም እስክትፈልግ ታልቅስብኝ፤ ቢያንስ ታልቅስ።

አንዱን ግን ይቅር አላልኩም። ወደቡ ላይ የሆነውን።

ጀልባው ሲታሰር ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ሰርካለም መኪና ውስጥ ገብታ በሩን ክፍት አድርጋ ትጠብቃለች። አክስቴ ፊት ለፊቴ ተንበረከከች፤ የቀሚሴን ቁልፍ ቆለፈች፣ ፈታች፣ መልሳ ቆለፈች። ከዚያ ፊቷ ተጨማደደ፤ ማልቀስ ጀመረች። ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ እንደ ልጅ አለቀሰች። ያለ እኔ ወደ ቤቷ ስለምትመለስ አዝና መሰለኝ። እኔ እናት ባለሁለት፣ እሷ አንድም እናት የላት።

በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ጠረግኩላት።

"አይዞዎት አክስቴ" አልኳት። "እኔ እኮ ደህና ነኝ።"

አንገቷን ነቀነቀች። ጉንጬን ሳመችኝ። እስክጨርስ ድረስ እንዳጽናናት ፈቀደችልኝ፤ ከዚያ ተነሥታ ሄደች።